ለሐዘን የታዘዘ ክኒን

የያዙኝ በገበያ ቀን ነው። ሐሙሲት አጠገብ በነበረች ጤና ጣቢያ የአንዲት ሴትዮ እግር ላይ ፋሻ እየጠቀለልኩ ሳለ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች በሩ ላይ ቆሙና «ጨርስና እንሄዳለን» አሉኝ። ጨረስኩና ሄድን። ሴትየዋ ነገሩ ስላልገባት «መቼ ልመለስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የዛሬ ሳምንት» አልኳት። ወንጀሌ ለቆሰለ ሽፍታ መርፌ ወግተሃል የሚል ነበር። ወግቼ ይሆናል። ጤና ረዳት ሆኜ ስሠለጥን የታመመን ሰው ምኑን እንደሚያመው ጠይቅ ተባልኩ እንጂ የማን ወገን እንደሆነ ጠይቅ አልተባልኩም።

ደብረ ታቦር የደረስነው በጭነት መኪና፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ከሰው ቁመት በላይ። የገብስ ብናኝና የሽንት ሽታ ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ገብቶ የተኛውን ሰው ወገብ ያገኘዋል። ይህን ሁሉ ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት ጸጥታውን ነው። ሠላሳ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ አንድም የሚያወራ የለም። «እንደምን አመሻችሁ» አልኩ። ሁለት ሦስቱ ቀና ብለው አዩኝና መልሰው አቀረቀሩ። የአገሬ ሰው እንግዳ ሲገባበት «ከወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ሳይል አያድርም። እዚያ ቤት ግን ማንም ምንም ሳይጠይቀኝ አደርኩ።

ምክንያቱን ያወቅሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ዘቡ አንድ ቆርቆሮ ይዞ ሲገባ ሰዎቹ ሳይጠሩ ተነሥተው ተሰለፉ። ክኒን ነበር። እያንዳንዱ እጁን ዘረጋ፣ ዋጠ፣ አፉን ከፍቶ አሳየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ጠጋ ብዬ ቆርቆሮው ላይ ያለውን አነበብኩት፤ ክሎርፕሮማዚን ይላል። አእምሮው ለታወከ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በሥልጠናዬ ዘመን ሁሉ ለሁለት ሰው ሲሰጥ ብቻ ነበር ያየሁት። እዚህ ከሠላሳው ውስጥ ሃያ ሁለቱ ይውጡታል።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ነው አሉ። ከእስረኞቹ አንዱ፣ ድምፅ የሚሰማውና ከግድግዳው ጋር ሲጣላ የሚውል የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ከከተማው ሆስፒታል በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣው ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ ያንን መድኃኒት አመጣለት። አስተማሪው ተኛ፤ መብላት ጀመረ፤ ከሰው ጋር በወጉ መነጋገር ጀመረ። ለእሱ መድኃኒቱ ምሕረት ነበር፤ ይህን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል። የእስር ቤቱ አዛዥ ያየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቤቱ ጸጥ ማለቱን። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ላጣም ክኒን፣ ለሚያለቅስም ክኒን፣ ጉዳዬ መቼ ይታያል እያለ ለሚያስቸግርም ክኒን ሆነ። ለእከክ የሚቀባ ነገር አልነበረንም። ቅማል የሚያጠፋ ዱቄት አልነበረንም። ለሐዘን ግን ቆርቆሮ ሙሉ ነበረን።

ድሬሰሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የሸሚዙ ኮሌታ የተበላ፣ ሁልጊዜ የቸኮለ፣ ቀጭን ሰው ነው። የሙያ ዘመዱ መሆኔን ሲሰማ ደስ አለው።

«በል እንግዲህ፣ ጠዋትና ማታ አንተ አድላቸው» አለኝ። «ዘቡ ማንበብ አይችልም። አንድ ቀን ሰው ይገድልብኛል።»

«ይህ ሁሉ ሰው እኮ እብድ አይደለም» አልኩት።

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እንቅልፍ አጣን ይሉኛል። ልፈታቸው አልችል፣ ላበላቸው አልችል። በእጄ ያለው ይኸው ነው» አለና ቆርቆሮውን አስታቀፈኝ።

ተቀበልኩት። ደስም አለኝ፤ እስረኛ ሆኜም ሐኪም መባል አልቀረብኝም ነበርና። በሦስተኛው ሳምንት ራሴም መዋጥ ጀመርኩ። ማንም አላዘዘልኝም። ክኒኑ ሐዘንን አያጠፋም፤ ጋቢ አልብሶ ጥግ ያስቀምጠዋል። ምላስ ይደርቃል፣ እግር ይከብዳል፣ ቀኑ ከቀኑ አይለይም። ብቸኝነት ማለት ሰው ማጣት ይመስለኝ ነበር። ከሠላሳ ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተኝቼ፣ የአንዱ ትንፋሽ ፊቴን እየገረፈው፣ የዚያን ጊዜውን ያህል ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ከማይውጡት ስምንቱ አንዱ ከአጠገቤ የሚተኙ የጉና ገበሬ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል። ያሰሯቸው አንድ ልጃቸው ጫካ ስለገባ ነው፤ ልጅህን አምጣና ውጣ ብለዋቸዋል። ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ በኩል ሰማዩን እያዩ «ዛሬ ውርጭ ጥሏል፤ ገብሱን ፈጀው» ይሉኛል። ከዚያ ሌላ ብዙ አናወራም፤ እኔም የማወራበት አንደበት አልነበረኝም።

ስንቅ የሚገባው ዓርብ ዓርብ ጠዋት ነበር። ቤተሰብ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል፣ እኛ ከውስጥ እንሰለፋለን፣ መነጋገር ክልክል ነው። አንድ ዓርብ የገበሬው ባለቤት መጡ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ፊታቸው ተቧጥጦ ደሙ ደርቋል። አገልግላቸውን ለዘቡ ሰጡና ቆመው ባላቸውን አዩዋቸው፤ አንዲት ቃል አልተናገሩም። በእኛ አገር መርዶ ሲነገር ጎረቤት በማለዳ ይሰበሰባል፣ ወዳጅ ግራና ቀኝ ይቆማል፣ ሰውየው ራሱን እንዳይጥል ይያዛል። እኒያ ሴት መርዶውን ብቻቸውን ተሸክመው፣ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ በአጥር ማዶ ነገሯቸው።

ገበሬው «ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመቱት። ሁለት ዘቦች ክንዳቸውን ጠምዝዘው ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ድሬሰሩ ያን ዕለት እዚያው ነበረና ከበር ላይ ሆኖ «ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ስጣቸው» አለኝ። ሰጠኋቸው። ውሃውንም እኔው ነኝ ይዤ ያጠጣኋቸው። ባሰብኩት ቁጥር የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም። ያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር። ሰውየው ሲተኙ አይቼ በሥራዬ ረክቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ገበሬው ስለ ውርጭ ማውራት ተዉ። ሲራመዱ ማጥ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እግራቸውን እየነቀሉ ሆነ። ሲቀመጡ አፋቸው ይከፈታል። ወር ገደማ እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን ጠዋት ክኒኑን ሳቀብላቸው እጄን ያዙኝ።

«ሐኪም፣ ልጄ ሞቷል አይደል?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እኔስ አውቃለሁ። ሆዴ ግን አልሰማም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ። ልቅሶው እምቢ አለኝ። እርሙን ሳላወጣለት አርባው ሊደርስ ነው።»

እርም ማውጣት ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ሰው የሞተበት ሰው አልቅሶ፣ ደረቱን መትቶ፣ የሟቹን ነገር በሰው ፊት ተናግሮ ካልወጣለት ሐዘኑ እላዩ ላይ ይቀራል። ሟቹም እንደተሸኘ አይቆጠርም። እኚህ አባት አርባውን የቆጠሩት ባለቤታቸውን በአጥር ካዩባት ዓርብ ጀምረው ነው። «ለኔ የሞተ ያን ዕለት ነው» አሉኝ። ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር።

«የምትሰጠኝ ነገር ይሆን እንባዬን የያዘው?» አሉ ቀጥለው።

ልዋሽ እችል ነበር። «እሱ ነው» አልኳቸው።

«አውቀህ ነው?»

«አውቄ ነው፣ አባቴ። የሚበጅዎ መስሎኝ።»

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ለቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ከዚያን ዕለት ማታ ጀምሮ እጃቸው ላይ የማኖረው ባዶ ነበር። ባዶ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ውሃ ይጠጡና ለዘቡ አፋቸውን ከፍተው ያሳያሉ። ክኒኑን ከሽንት ባልዲው እከተዋለሁ። ቢደረስብኝ የቤቱ ሰው ሁሉ ስንቅ ይቋረጣል፣ እኔም ጨለማ ቤት እገባለሁ። የራሴንም አብሬ ተውኩት። ሦስት ቀን አብረን ተንቀጠቀጥን፤ ላብ አጠመቀን፤ ምግብ አልወርድ አለን። መድኃኒቱ ሲገባ በቀስታ ነው፤ ሲወጣ ግን ሰውን ያስከፍለዋል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። እንባው ቢመለስስ? በዚያ ቤት ድምፅ አውጥቶ ያለቀሰ ሰው ዕጣው ይታወቃል፤ ክኒን ካልበቃው መርፌ ነው። ጭንቄን ለድሬሰሩ ነገርኩት። መጀመሪያ ዞሮ በሩን አየ።

«ክኒኑን አቁመሃል?»

«አቁሜያለሁ። ሰውየው አልታመሙም እኮ። ልጃቸው ሞቶባቸው ነው።»

«ካለቀሱ እኔን ነው የሚጠይቁኝ። ቤተሰብ አለኝ።»

«እኔስ የምለምንህ የሚያለቅሱበት ግማሽ ሰዓት ነው።»

ባለፈው ሳምንት የአንድ እስረኛ ብብት ላይ የወጣ እባጭ ሲበጣ ሰውየው የጣራው ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ጮኾ ነበር፤ ዘቦቹ ውጭ ሆነው ይስቁ ነበር። ይህ ትዝ አለኝና «ለእባጭ መጮህ ይፈቀዳል አይደል?» አልኩት። ከዚያ የመሣሪያ ሣጥኑን ዘጋና «ማክሰኞ ጠዋት» ብሎ ወጣ።

ማክሰኞ አርባኛው ቀን ነበር። ድሬሰሩ በሰሃን ላይ ምላጭ፣ ፋሻና ቀይ መድኃኒት ደርድሮ መጣ። ዘቡን «የሽማግሌው ጭን ላይ እባጭ አለ፤ ልበጣው ነው። ይጮኻሉ። መግሉ ስለሚሸት አትጠጋ» አለው። ዘቡ አፍንጫውን በእጁ ያዘና ፀሐይ ወደሚሞቅበት ሄደ። ድሬሰሩ በሩን ገርበብ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ።

ገበሬው ከመካከል ተቀመጡ። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ደረቡ። እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰነዘሩና አየር ላይ ቀረ። ሁላችንም እናያቸዋለን። ጊዜው ይሄዳል።

«አልመጣም» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅር፣ ልጄ። አልመጣም።»

እኔ ለዚህ የተማርኩት ነገር አልነበረኝም። ያን ጊዜ ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሰው ግድግዳውን እየተደገፈ ተነሣ። የይፋግ ሰው ነው፤ ሙስሊም ነጋዴ፣ ጨርቅ ሻጭ። እዚያ ቤት ስኖር ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ክኒኑንም ከማንም በላይ የሚውጠው እሱ ነው። እግሩን እየጎተተ መጥቶ ከፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«አባቴ፣ ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አላቸው።

ደነገጥኩ። ሠላሳ ሰው ነን፤ አርባ ቀን ሆኖታል፤ ይህን አንድም የጠየቃቸው አልነበረም። እኔ ራሴ ጠዋት ማታ እንቅልፋቸውን እጠይቃለሁ፣ ሆድ ድርቀታቸውን እጠይቃለሁ፣ ምላሳቸውን አያለሁ።

«ግራኝ ነበር» አሉ ገበሬው።

«እሺ።»

«ማጭዱን በግራ እጁ ነው የሚይዝ። አጨዳ ላይ ከጎኑ የሚቆም ሰው ይፈራል፤ ስለቱ ወደሱ ይመጣበታል። ስለዚህ እዳር ነው የማቆመው፣ ብቻውን። ሌላው እየተጫወተ ሲያጭድ እሱ ከዳር ሆኖ ብቻውን ያጭዳል። አይከፋውም። ማታ ሲበላም በግራው ነው። እናቱ መታችው፤ አልተወ። እኔም መታሁት።» እዚህ ላይ ቆሙ። እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «በግራው ቢበላ ምን ቸገረኝ? ምን ጎደለብኝ?»

ከዚያ መጣ። መጀመሪያ ከሆዳቸው የወጣው ድምፅ ሰው ሰው አይልም ነበር። ከዚያ ደረታቸውን መቱ፤ «ግራኙ ልጄ» እያሉ መቱ። ነጋዴው አብሯቸው መታ። «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» እያለ የራሱን እንባ አይጠርገውም። አንዱ ከኋላ «ወንድሜን» አለ። ሌላው የማላውቀውን ሴት ስም ጠራ። አስተማሪውም ያለቅሳል። ቤቱ ውስጥ የሞተበት እሳቸው ብቻ አልነበሩም ለካ። እኔ እናቴን አለቀስኳት። ስሠለጥን ሞታ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በደብዳቤ ነግረውኝ፣ በማግስቱ ፈተና ስለነበረኝ ደብዳቤውን አጥፌ ተኝቼ ነበር። ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጣ ኖራለች።

«አላለቀም እንዴ?» አለ ዘቡ ከውጭ።

«ሥር ይዟል» አለ ድሬሰሩ። አልዞረም።

ሲበርድልን ገብቶ ከገበሬው እግር ሥር ተንበረከከ። ምንም ያልሆነውን ጭናቸውን በውሃ አጠበ። ቀይ መድኃኒት ቀባ። ፋሻውን ሳይቸኩል፣ እጥፋቱን እያስተካከለ፣ ቁስል እንዳለ ሰው አድርጎ ጠቀለለላቸው። ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ሲያክም ያየሁት እዚያ ቤት ያን ዕለት ብቻ ነው። ቋጠሮውን ሲጨርስ «እግዚአብሔር ያጥናዎ» አላቸው።

«አሜን። ልጅ አለህ?»

«አለኝ።»

«አትምታው» አሉት።

ገበሬው ክኒኑን ከተዉ ወዲህ ያን ሌሊት ገና ደህና ተኙ። ፋሻውንም ለዘቡ ዓይን ሲሉ አሥር ቀን ሳይፈቱት ቆዩ። ቆርቆሮው መምጣቱን አላቆመም። ድሬሰሩ ግን በየሳምንቱ ከአንዱ ግማሽ፣ ከሌላው ግማሽ እየቀነስን እንድንሄድ በጆሮዬ ነገረኝ፤ ነጋዴው ቀድሞ ተወ። አስተማሪው ሳያቋርጥ እንዲውጥ እኔው ተከታተልኩት፤ ለእሱ ያስፈልገው ነበርና። ከሁለት ወር በኋላ ገበሬውን ከሌሎች ጋር በመኪና ጭነው ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። ደረሱ አልደረሱ፣ ተፈቱ አልተፈቱ፣ የነገረኝ የለም። ከተፈታሁ በኋላ ጉና ሄጄ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ የሚሰጡኝን መልስ ፈርቼ ቀረሁ።

ወደ ሥራዬ ተመልሼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መድኃኒት ሳድል ኖርኩ። ክኒን ጠላት ነው የሚል ሰው አይደለሁም፤ በክኒን ከገመድ የወረደ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ግን ሰፈሬ ካለው መድኃኒት ቤት በር ላይ ቁጭ ስል የሚገባ የሚወጣውን አያለሁ። ፈተና የወደቀ ተማሪ አለ። እጮኛዋ የተዋት ልጅ አለች። ልጆቹ ርቀውበት ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘዋል። ስንቱ ነው እንደ አስተማሪው የታመመ፣ ስንቱ ነው እንደ ገበሬው ያዘነ? የሚለየው ማን ነው?

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ሞተችብኝ። ድንኳኑ ሦስት ቀን ሰው ሞልቶት ነበር፤ ስለ መንገዱ ሥራ ተወራ፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት ተወራ፣ ካርታ ተጫወቱ፣ ሄዱ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ልጄ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ተነሥታ ነው የተቀበለችኝ። እንቅልፌን ጠየቀችኝ። የምግብ ፍላጎቴን ጠየቀችኝ። ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቃቸው የኖርኳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ ሁለት ዓይነት ክኒን ጻፈችልኝና «ይረዳዎታል፣ አባቴ» አለችኝ። በሩ ላይ አርባ ሰው ይጠብቃት ነበር፤ አልፈርድባትም።

እውነትም ይረዳል፤ ማታ ማታ እተኛለሁ። ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ብላ ብትጠይቀኝ ግን እዚያው ወንበሯ ላይ ደረቴን እየመታሁ አለቅስ ነበር፤ ወረፋውም ይቆም ነበር። ሳይጠየቅ የቀረው ለዚህ ይሆናል። ይኸው ስምንት ወር ሆነ፤ እስከ ዛሬ አላለቀስኩላትም።